ሐቢብ ካርታ ሲያነሣ የሚለው

ኢስሃቅ በዚህ ዓለም ላይ የማይጸየፈው ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ሐቢብ ነው። ሌላውን ሁሉ ይጸየፋል። ሲበላ የሚያጣጥመውን ይጸየፋል፣ ሲስቅ ድዱ የሚታየውን ይጸየፋል፣ ጫት ጉንጩ ውስጥ ወጥሮ የሚያወራ ሰው ካየማ የዚያን ቀን ምሳ አይበላም። ሚስቱ ሙጂባ ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ወደ ውሃው በሚወስደው መንገድ ዳር ዓሣ ጠብሳ ትሸጣለች፤ ባልየው ደግሞ የዓሣ ሽታ አይወድም። ይህን የሚያውቁ ደንበኞች "ኢስሃቅ፣ እስቲ የዚችን አምባዛ ራስ ያዝልኝ" እያሉ ያበሽቁታል። እሱም የጠረጴዛውን ጨርቅ ወርውሮ ወደ ጓሮ ይሄዳል። ጓሮው ውስጥ ዋንዛ አለ፣ ከዋንዛው ሥር ሁለት ጠረጴዛ አለ፣ ኢስሃቅ ሰው መስሎ የሚውለው እዚያ ነበር።

የተወለደው አምባሰል ነው፣ ከተራራው ሥር። አባቱ ከልጆቻቸው ይልቅ ለበሬያቸው የሚጨነቁ ገበሬ ነበሩ፤ ኢስሃቅ እበት አልዝቅም እያለ ስንት ጊዜ ተገርፏል። "ይኼ ልጅ የገበሬ ዘር አይደለም፣ ተሳስቶ ነው እኛ ቤት የወረደ" ይሉ ነበር አባቱ። ጢሙ ገና ሳያቀመቅም በታህሪብ፣ በድብቅ ድንበር እያቋረጠ፣ ወጣ፤ በጅቡቲ በኩል ጀልባ ተሳፍሮ፣ የመንን በእግሩ አቋርጦ፣ ጂዳ ገባ። ስለዚያ ጀልባ ሲጠየቅ ስለ ማዕበሉም ስለ ሞቱትም አያወራም። "ሰው በሰው ላይ ያስመልስ ነበር" ይላል፣ ይህንንም ፊቱን አዙሮ።

ጂዳ ላይ ብዙ ዘመን የውሃ ቦቴ ነዳ፤ ሙጂባንም እዚያው አገባት፣ እሷ ቀድማው አገር ገብታ ዓሣ ቤቷን ከፈተች። ባሎትን የተማረው እዚያ፣ ከሾፌሮች ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነው።

ባሎት የዐረብ ካርታ ነው። አራት ሰው ይቀመጣል፤ ፊት ለፊት የሚተያዩት ሁለቱ አጋር ናቸው፣ ግራና ቀኝ ያሉት ባላጋራ። ካርታው ታድሎ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ሁሉም እጁን አይቶ በየተራ ቃሉን ይሰጣል። ጠንካራ ካርታ የያዘ "ሰን" ይላል፤ አንዱን ዓይነት ካርታ በሌሎቹ ላይ አዛዥ ማድረግ የፈለገ "ሁክም" ይላል፤ ምንም የሌለው "በስ" ብሎ ያልፋል። የጨዋታው ነፍስ ያለችው እዚህች ላይ ነች። አጋርህ ምን እንደያዘ አታይም፣ ከሦስቱ ቃላት በቀር የሚነግርህም የለም። ገምተህ ትገባለህ፤ ከሳትክ ውርደቱ የሁለታችሁ ነው።

ሰው ግን ሰው ነው፤ ገምቶ ከመግባት ተጠቃቅሶ መግባት ይቀለዋል። አንዱ ያስላል፣ አንዱ ጢሙን ያሻል፣ አንዱ የሻይ ብርጭቆውን ወደ ግራ ያዞራል። የተፈቀደ መነጋገሪያም አለ። ጨዋታው መሐል ትንሽ ካርታ ስትጥል ለአጋርህ "ትልቁ ያለኝ ከወዲያኛው ዓይነት ነው" ማለትህ ነው። ዐረቦቹ ይህንንም ታህሪብ ይሉታል፤ የእኛዎቹ ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ፣ እነሱ ራሳቸው በምን እንደተሻገሩ ያውቃሉና። ይህ ግን አራቱም የሚያውቁት ነው። የተከለከለው ሁለቱ አውቀውት ሁለቱ የማያውቁት ነው። "ለአጋርህ የነገርከውን ለባላጋራህም ንገር፤ መንገር ካሳፈረህ ግን ለማንም አትንገር" ይል ነበር ካርታ ያስተማረው ሽማግሌ የመናዊ ሾፌር። ኢስሃቅ ከጂዳ ይዞት የገባው ንብረት ይኸው ነው ማለት ይቻላል። ሻንጣው እዚያው ቀርቷል።

ሻንጣው የቀረው በ2006፣ ሐበሻ በጅምላ ከሳዑዲ ሲመለስ ነው። ሰዉ አውሮፕላን እስኪደርሰው ድረስ አንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ታጎረ፤ አዳራሹ ለሺህ ሰው አንድ መጸዳጃ ነበረው። ኢስሃቅ አልበላም፣ አልጠጣም፣ አልቀመጥም ብሎ ቆሞ ሊሞት ደረሰ። ሌላው ይስቅበታል። አጠገቡ የነበረው ሐቢብ የሚባል የሐይቅ ልጅ ግን አልሳቀም፤ ብርጭቆውን በታሸገ ውሃ ሦስቴ አጥቦ አጠጣው፣ ጀለቢያውንም እንደ መጋረጃ ዘርግቶ ፊቱን አዙሮ ቆመለት። ስለዚህ ነገር ሁለቱም ዳግመኛ አላነሡም። ኢስሃቅ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ሐቢብ በበላበት ሳህን ይበላል፣ ሐቢብ በጠጣበት ይጠጣል። ሙጂባ መጀመሪያ ይህን ስታይ ባሏን የለወጡባት መስሏት ነበር።

አገር ሲገቡ ሐቢብ ወደ አባቱ ጀልባና መረብ ተመለሰ፣ ኢስሃቅ ወደ ሚስቱ ዓሣ ቤት። ከዋንዛው ሥር ከስደት የተመለሱት እየተሰበሰቡ ባሎት ሲጫወቱ ኢስሃቅና ሐቢብ አጋር ሆኑ። የሚችላቸው ጠፋ። በየዓመቱ ከአረፋ ማግስት ከውጫሌ ተጫዋቾች ጋር ይገናኛሉ፣ የተሸነፈው አገር ለአሸናፊው ድግስ ያበላል፤ ውጫሌዎች ማብላት ሥራቸው ሆነ። ሐቢብ ረጋ ያለ፣ አፉ ከዝክር፣ አላህን ከማውሳት፣ የማይለይ ሰው ነው፤ ምስጋናው ምላሱ ላይ ነው የሚያድረው። ኢስሃቅ ደግሞ አጋሩ ምን እንደያዘ እንዲያው ያውቀዋል። "ኢስሃቅ ይሸተዋል" ይላል ሰዉ። ስለ ሽታ ከተነገረው ነገር ሁሉ ኢስሃቅን ያስደሰተው ይኸኛው ብቻ ነው።

ከዚያ የለውጡ ሰሞን መጣ። በየቀበሌው ስብሰባ፣ በየስብሰባው ኮሚቴ፣ በየኮሚቴው ኩርፊያ። ትናንት ከአንድ ትሪ የበላ ሰው ዛሬ "አንተ የነማን ነህ?" ይባባላል። የዋንዛው ሥር ሰዎችም "እኛስ ከማን እናንሳለን" ብለው የባሎት ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ኢስሃቅን ዳኛ አደረጉት። ሌላ ሰው ጠፍቶ አይደለም። እሱ ባለበት ሌላ ሰው ዳኛ ቢሆን መከራው ለዳኛው ስለሆነ ነው።

በዚያው ዓመት የአረፋው ጨዋታ እንዳለቀ፣ ሌላው ሰው እጁን ሲታጠብ፣ ሀሚዱ የሚባለው የውጫሌ ጨርቅ ነጋዴ ኢስሃቅን ወደ በሩ ወሰደው። ሀሚዱ ንጹሕ ለባሽ፣ ቀስ ብሎ ተናጋሪ ነው፤ እሱን እንኳ ኢስሃቅ ብዙም አይጸየፈውም።

"ዳኛው አንተ ነህና ላንተ ልንገርህ" አለ ሀሚዱ። "አትቆጣ ግን።"

"ልስማና ልቆጣ።"

"ሐቢብ ካርታውን አንሥቶ 'አልሃምዱሊላህ' ካለ እጁ ሙሉ ነው። 'ሱብሃነላህ' ካለ ባዶ ነው። ካምና ጀምሮ አይተነዋል፣ አንድም ቀን አልሳተም። አንተ ደግሞ እሱን ሰምተህ ነው የምትገባ።"

"ሰውየው ዝክር ያበዛል። አንተ ስለማታበዛ ደነቀህ?"

"ያ አኺ፣ እኔ ትሰርቃላችሁ አላልኩም። ያየሁትን ነገርኩህ። በረካ ሁን" ብሎ ሀሚዱ ወደ ሚኒባሱ ሄደ።

ኢስሃቅ ተቆጣ፤ ማታውንም ሙጂባን "የተሸነፈ ሁሉ ነገር ፈላጊ ነው" እያለ አደከማት። በማግስቱ ግን ከዋንዛው ሥር ሲቀመጥ ጆሮው ተከፍቶ ነው የተቀመጠው። ካርታ ታደለ። የደረሰው እጅ ወዲህም ወዲያም የማይል ነው፣ ጥሩ ተጫዋች እንኳ የሚያመነታበት። ፊት ለፊቱ ሐቢብ ካርታውን አነሣ፣ አየ፣ "አልሃምዱሊላህ" አለ። ኢስሃቅ ገና ሊያስብ ሲል አፉ ቀድሞት "ሰን" ብሎ ነበር።

አሸነፉ። "ኢስሃቅ ይሸተዋል" አለ አንዱ እንደ ልማዱ። ኢስሃቅ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ተነሣና ከቧንቧው ሥር እጁን በሳሙና ታጠበ፣ ደግሞ ታጠበ። ለዓመታት ሲያጣጥመው በኖረው ወጥ ውስጥ ትል እንዳገኘ ሰው ሆነ። ያ ሁሉ አፍንጫ፣ ያ ሁሉ የተመሰገነ ብልሃት፣ ለካ የሐቢብ ምላስ ኖሯል። አንድም ቀን ገምቶ አያውቅም። ሲነግሩት ነው የኖረው።

ሐቢብን ያገኘው ሐይቁ ዳር መረብ ሲጠግን ነው። ሐቢብ የተባለውን ሲሰማ መረቡን ከጉልበቱ ላይ አወረደ። ደነገጠ እንጂ አላፈረም፣ ኢስሃቅም ይህን አይቷል።

"ወላሂ አላወቅሁትም" አለ ሐቢብ። "ካርታው ሲያምር ደስ ይለኛል፤ ደስ ሲለኝ አመሰግናለሁ። ምን ልበል ታዲያ?"

"ሲከፋስ?"

"ሲከፋማ ይገርመኛል። ሱብሃነላህ እላለሁ።"

"ምስጋና ለመልካም ካርታ ብቻ ነው እንዴ የታዘዘ? ወይ ለመልካሙም ለክፉውም እኩል አልሃምዱሊላህ በል፣ ወይ አፍህን ዝጋ።"

"መርሐባ" አለ ሐቢብ። "እሞክራለሁ።"

ሞከረም፤ ግን አልሆነለትም። ባዶ እጅ ይዞ "አልሃምዱሊላህ" ሲል ድምፁ እንደ በሽተኛ ድምፅ ይወርዳል፣ ተጫዋቹ ሁሉ በሳቅ ይፈርሳል። ዝም ልበል ሲል ደግሞ ደስታው በፉጨት ይወጣበታል። ሰውየው ቀንም ሌትም ውስጡ ፊቱ ላይ ነው፤ ሲፈጠር መሸሸጊያ አልተሠራለትም። ኢስሃቅ ይህን እያየ እንኳ ሊስቅ ይዳዳው ነበር። ነገሩ እዚያ ላይ ቢቀር በወደድን።

አልቀረም። ወሬው ሲሰማ ሌሎቹ ትምህርት አደረጉት። አንዱ ጥንድ "ያ ለጢፍ" ሲል ቀዩን ልብ ያዝኩ ማለት ሆነ፤ ሌላው በነቢዩ ላይ ሰለዋት ካወረደ ሁክም ግባ ማለት ነው፤ አንዱ እንዲያውም፣ አፈር ይብላና፣ ክፉ ካርታ በደረሰው ቁጥር ሰው ሲሞት የሚባለውን "ኢናሊላህ" ማለት ጀመረ። ከዋንዛው ሥር ያለው ጓሮ ከመስጊድ ይልቅ ዝክር የሚበዛበት ቦታ ሆነ። አላፊ አግዳሚው "እነዚህ ልጆች ተባረኩ" ይል ነበር። ኢስሃቅ ተንገሸገሸ። በቆሸሸ ጣት ካርታ መንካት ይጸየፍ የነበረው ሰው አሁን በተሸለመ ቃል ሲሰረቅ ሲሰማ ጥርሱን እያፋጨ ይውላል። እሱ ጸሎተኛ ሰው አይደለም፤ ግን የአላህን ስም እንደ ጭቃ ጨርቅ ለማንኛውም ነገር መወልወያ ሲያደርጉት ማየት አልቻለም። እዚህ ላይ ትክክል ነበር፤ ማንም ሰው ቢሆን ይቀፈዋል።

ሀሚዱና ባልደረባው አብዱልሰመድ ለገበያ ሐይቅ የመጡ ዕለት ኢስሃቅ ሁሉንም ሰብስቦ ቆመ። ሐቢብም ሻዩን ይዞ ተቀምጧል።

"ከዛሬ ጀምሮ ካርታ ከተነሣ ጊዜ አንሥቶ ሁሉም ቃሉን ሰጥቶ እስኪያበቃ ድረስ ከሰን፣ ከሁክምና ከበስ በቀር አንድም ነገር ከአፍ አይወጣም" አለ። "የአላህም ስም ቢሆን።"

ሰዉ ተያየ።

"ያለፈውም ድላችን ተሰርዟል። እኔና ሐቢብ ያሸነፍነው በምልክት ነው።"

"ሐቢብ እኮ አውቆ አላደረገውም" አለ ራሱ ሀሚዱ። ከሳሹ ነው እንዲህ ያለው። ኢስሃቅ "እውነት ነው፣ አላወቀም" ቢል ጉዳዩ እዚያው ተዘግቶ ዓሣው ይቀርብ ነበር። ነገር ግን ውስጡ ያለው ሁሉ አንድ ላይ ገነፈለ፤ የእነዚያ ሁሉ ዝክር፣ የራሱ የሐሰት አፍንጫ፣ ሰው ፊት የተዋረደው ዳኝነቱ። የሚተፋበት ሲያጣ አጠገቡ ያለው ላይ ተፋው።

"አወቀም አላወቀም ሌብነት ነው" አለ። "ከሌላው ሌባ የሚለየው ሌላው ሲሰርቅ ቢስሚላህ አለማለቱ ነው።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሐቢብ ሻዩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ "አሰላሙ አለይኩም" ብሎ ሁሉንም ተሰናበተ፣ ወጣ። ዳግመኛም ከዋንዛው ሥር አልተቀመጠም።

ከተማው ይህን እንዴት እንዳወራው ማንም ይገምታል። ኢስሃቅ አላህ እንዳይጠራ ከለከለ ተባለ። ሐቢብ ሌባ ነው ተባለ። ሁለቱን ወሬ አንድ ላይ የሚያወሩም ነበሩ፣ ሁለቱን ወሬ እንዴት አድርገው እንዳስማሙት እንጃ። በመጨረሻ ሸህ አሕመዲን መጡ፤ በዚያ አገር የተጣላ ሲኖር ከሁለቱም ወገን ሳይጠሩ ደርሰው የሚያስታርቁ፣ ሁሉም እሺ የሚላቸው ሽማግሌ ናቸው። ኢስሃቅ ወንበሩን ሁለት ጊዜ ወልውሎ አስቀመጣቸው።

"ሕግህን ነገሩኝ" አሉ ሸህ አሕመዲን። "ልክ ነው። ስሙን ለካርታ ከሚያዋርዱት አፋቸው ቢዘጋ ይሻላል። ካርታው ራሱ ቢቀርማ የበለጠ ደስ ባለኝ፣ እሱን እንተወው።"

"ታዲያ ምን አመጣዎት ሸህ?"

"ሐቢብ አውቆ ነው ወይ ያደረገው?"

"አይደለም።"

"ይህንኑ እነዚያው ሰዎች ፊት በልለት። ሌላ አልጠየቅሁህም።"

"ሕግ ወዳጅ አይመርጥም ሸህ።"

"ሕግህ አይደለም የበደለው ልጄ። አፍህ ነው። የአፍ ወለምታ ደግሞ በቅቤ አይታሽም፤ ሳይቆይ ሂድ" አሉና ዱዓ አድርገው ተነሡ።

ኢስሃቅ እሄዳለሁ አለ። ልቡም ፈልጎ ነበር። አንድ ቀን እስከ ሐቢብ በር ደርሷል፤ በሩ ላይ የዓሣ ሆድ ዕቃ ተጥሎ ዝንብ ወርሮት አየና ተመለሰ። ለሙጂባም ስለ ዝንቡ ነገራት። ሙጂባ ድስቷን እያጠበች፣ ቀና ሳትል ሰማችው።

"አንድ ሰው ነበረህ" አለችው። "እሱንም አጠብከው።"

ከዚያ ኮሮና መጣና ሰው ሁሉ የሚራራቅበት ምክንያት አገኘ። ኢስሃቅና ሐቢብ መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ አይነፋፈጉም። ግን ሐቢብ ዱሮ "እንዴት ነህ?" ሲባል "አልሃምዱሊላህ፣ አልሃምዱሊላህ" እያለ ስለ ጤናው፣ ስለ ጀልባው፣ ውጫሌ ባጃጅ ስለሚነዳው ስለ ልጁ ስለ ጠሃ ያወርድ የነበረ ሰው ነው፤ ሌላው ቢጠይቀው አሁንም ያወርዳል። ለኢስሃቅ ሲሆን "ደህና" ይላል። ደህና፣ በቃ። ይህች ቃል ኢስሃቅን ሌሊት ከእንቅልፉ የምትቀሰቅስ ሆነች። እሷንም ተጸየፋት።

ጦርነቱ ከሰሜን ወርዶ ውጫሌ ሲደርስ ሐይቅ ከባድ መሣሪያ እየሰማች ታድር ጀመር። በ2014 ጥቅምት ሰዉ ልጁን አዝሎ፣ ፍራሹን ባጃጅ ላይ ጭኖ ወደ ደሴ ወጣ። እነኢስሃቅ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ገቡ፤ በየክፍሉ ሰው እንደ ጆንያ ተደርድሯል። ኢስሃቅ ያን አዳራሽ ዳግመኛ ያየ መሰለው። መጸዳጃው ሞልቶ ሜዳው ላይ ፈሷል። ሩዙ ውስጥ ጠጠር አለ። እርዳታ ያመጡ ሰዎች ብርድ ልብስ የሚሰጡት ፎቶ አንሺው ሲደርስ ነው፤ አንዲት አሮጊት ልብሱን ተቀብላ ፎቶው ስላልጠራ መልሰው ተቀብለው እንደገና ሰጧት። ኢስሃቅ ይህን ቆሞ አየ። ጦሩንም ጠላው፣ ረጂውንም ጠላው፣ ተረጂውንም ጠላው፣ ራሱን ደግሞ ከሁሉም በላይ፣ ብርድ ልብሱን ተቀብሎ ነበርና።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከመማሪያ ክፍሎቹ ኋላ፣ ፀሐይ ከሚመታው ደረጃ ላይ፣ ሐቢብን ብቻውን ተቀምጦ አገኘው። ሐቢብ እዚህ መኖሩን ኢስሃቅ አላወቀም ነበር። ልቡ ዘለለ። ዛሬ እላለሁ ብሎ አጠገቡ ተቀመጠ፤ ሲቀመጥም ደረጃውን ሳይጠርግ ነው።

"እንዴት ነህ ሐቢብ?"

"ደህና።"

የሚለው ነገር ጉሮሮው ላይ ነበር። ነገር ግን ሰውየው ይቅርታ ማለት አልለመደም፤ አፉ የሚያውቀው አንድ ቋንቋ ነው። ስለ መጸዳጃው ጀመረ። ስለ ሩዙ ቀጠለ። ስለ ፎቶው፣ ስለ ትኋኑ፣ አጠገቡ ስለሚተኛው ሰውዬ ካልሲ። ሐቢብ መሬት መሬት እያየ "እ" ይላል፣ አንዳንዴ "እ"ም አይልም። እየሰማኝ ነው አለ ኢስሃቅ በሆዱ፤ እንደ ዱሮው እየሰማኝ ነው። ሞቅ አለው። ደስ የሚለውን ነገር ላንሣለት ብሎ ልጁን አነሣ።

"ጠሃ ባጃጁን ጥሎ አልወጣም ብሎ ውጫሌ ቀረ ይላሉ" አለ። "ጎበዝ ልጅ። እዚህ እበት ውስጥ መጥቶ ከእኛ ጋር ካልታጎረ ምን ጎደለበት? አንተ ዕድለኛ ነህ። አልሃምዱሊላህ በል እንጂ፣ ሰውዬ።"

ሐቢብ ቀና ብሎ አየው። ብዙ አየው።

"አልሃምዱሊላህ" አለ።

ድምፁ አልወጣም፣ አልወረደም። ኢስሃቅ ከዚያች ክፉ ቀን ወዲህ ይህችን ቃል ከዚህ አፍ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ታረቅን አለ። ጉልበቱን መታ መታ አድርጎት "አብሽር፣ ሁሉም ያልፋል" ብሎ ተነሣ፤ ለሙጂባ ሊነግራት ሮጠ ማለት ይቻላል። ሜዳውን ሲያቋርጥ የፈሰሰውን እንኳ አልዘለለውም።

ከውሃ ወረፋው እስከ ማብሰያው ፈልጎ አጥቷት፣ በመጨረሻ ሙጂባን ከክፍሉ በር ላይ ሻሿን ስታጠብቅ አገኛት። ከጀርባዋ፣ ከወዲያኛው ክፍል፣ የሴቶች ለቅሶ ይሰማል።

"ታረቅን" አላት።

"ከማን?"

"ከሐቢብ። አሁን አብሬው ተቀምጬ ነው የመጣሁ። ደህና ነው፣ አልሃምዱሊላህ አለኝ።"

ሙጂባ አፏን በእጇ ያዘች።

"ጠሃ ሞቷል እኮ" አለችው። "መድፍ ነው። ሀሚዱ ቀብሮት ዛሬ ጎህ ሲቀድ መጣ፣ ለሐቢብ ብቻ ነገረው። ለናቱ እኔው ልንገራት፣ ትንሽ ጉልበቴ ይመለስ ብሎ ከኋላ ሄዶ ተቀምጦ ነበር። አሁን ነው ገብቶ የነገራት።"

ኢስሃቅ ያለው ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ወደ ጆሮው ተመለሰ፤ ጎበዝ ልጅ፣ ምን ጎደለበት፣ ዕድለኛ ነህ። በዕድሜው የሰውን እዳሪ፣ የሰውን ትፋት፣ የሰውን ቁስል አይቶ ተጸይፏል፤ አሁን አፉ ውስጥ ያለውን ምላስ ያህል የቀፈፈው ነገር ግን የለም። ቢቻል አውጥቶ እዚያ ሜዳ ላይ በጣለው ነበር። ውሃ አልፈለገም፣ ሳሙና አልፈለገም። ይህ የሚታጠብ አይደለም።

ሙጂባ እጁን ይዛ ወሰደችው። ሐቢብ አሁን ከግድግዳው ሥር ምንጣፍ ላይ ነው፤ የሐይቅ ሰዎችም የውጫሌም ዙሪያውን ከበውት ቁርኣን ይቀራሉ። የሚመጣው ሁሉ "አላህ ሰብሩን ይስጥህ" ይላል፣ እሱም ለሁሉም በዚያው ባልወጣ ባልወረደ ድምፅ "አልሃምዱሊላህ" ይላል። ፊቱ ላይ ምንም የለም። ኢስሃቅ ጫማውን አውልቆ ከዳር፣ ሀሚዱ አጠገብ ተቀመጠ። ሀሚዱ ልብሱ በአፈር ቀልሟል፣ ጥፍሩ ውስጥም አፈር አለ፤ ያ የቀብሩ አፈር ነው።

ሀሚዱ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ።

"ከነገርኩት ጀምሮ አላለቀሰም" አለው በሹክሹክታ። "ፈርቼለታለሁ። ከሁላችን የምታውቀው አንተ ነህ። እንዴት ነው? በውስጡ ምን ላይ ነው ያለ?"

ኢስሃቅ የሐቢብን ፊት ፈለገ። ረጅም ጊዜ ፈለገ።

"እኔ አላውቅም" አለ።

ከዚያ ሌላ ሰው መጣና ቦታ ለመስጠት ሁለቱም ጠጋ አሉ።